በበረዶው ባሕር ላይ የደረሰኝ መርዶ

ይህ የሆነው በ2007 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው አባቴ በዚያ ሰሞን ስለሞተ ብቻ አይደለም። አባት የሞተበት ሰው ብዙ ነው። እኔ የማልረሳው መርዶውን የሰማሁበትን ቦታና ያን ጠዋት አጠገቤ የቆሙትን ሰዎች ነው። ለሰው ሳወራ ግማሹ «ፊልም ነው እንዴ?» ይለኛል። በራሴ ላይ ባይደርስ እኔም አላምንም ነበር።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ነው። ሥራዬ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ መርዳት ነው። አለብሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ። በዚያን ጊዜ ከምረዳቸው ሰዎች አንዱ እዚያው አቅራቢያ ሊትልተን የሚኖሩ፣ ሚስተር ዋልተር የሚባሉ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ያለ ከዘራ አይራመዱም። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ለእሳቸው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አእምሯቸው ግን ምላጭ ነበር። ውሸት የሚባል ነገር አይወዱም። «ዛሬ አምሮብዎታል» ብላቸው «መስታወት አለኝ እኮ» ብለው ኩም ያደርጉኛል።

ባለቤታቸው ማርጋሬት የሞቱት እኔ እሳቸው ዘንድ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ነው። ባልና ሚስቱ ለብዙ ዓመት ሲመኙት የኖሩት አንድ ጉዞ ነበር። በመርከብ እስከ ምድር ደቡብ ጫፍ፣ እስከ አንታርክቲካ ድረስ ሄደው ፔንግዊንና ዓሣ ነባሪ ማየት። ማርጋሬት ሳያዩት ሞቱ። ሚስተር ዋልተር ብቻዬንም ቢሆን እሄዳለሁ ብለው ድርቅ ሲሉ ሐኪማቸው «የሚረዳዎት ሰው አብሮ ከሄደ እሺ፣ አለዚያ አይታሰብም» አላቸው። ልጃቸው ሌላ ስቴት ትኖራለች፤ ትንንሽ ልጆች ስላሏት መሄድ አትችልም። ደወለችና «አንቺ አብረሽ ብትሄጂላቸውስ?» አለችኝ።

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሳወራ ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። «የዴንቨር በረዶ አንሶሽ ነው?» አሉኝ። ባለቤቴ ግርማ ግን ሂጂ አለኝ። እሱ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ተጓዥ ሲሸኝ የኖረ ሰው ስለሆነ ነው መሰለኝ የእኔ መሄድ ከእኔ በላይ እሱን አስደሰተው። ልጃችን ሔርሜላማ «ማሚ፣ ዩ ሃቭ ቱ ጎ!» እያለች ሻንጣዬን ራሷ አወረደችልኝ።

ከመሄዴ በፊት ፍቼ ላለው አባቴ ደወልኩለት። አባባ ነው የምንለው። ድሮ በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከቤተሰባችን ባሕር በዓይኑ ያየ እሱ ብቻ ስለነበር በዚህ ጉዳይ ማንም እንዲከራከረው አይፈልግም። የት እንደምሄድ ስነግረው «እዚያ ምን ሊበላ ይኬዳል?» አለኝ። ፔንግዊን ለማየት ነው ስለው ከት ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ግን ቁም ነገር ያለው ሰው ሆነና «ስሚኝ፤ ዮናስን የዋጠውን ዓሣ ካየሽ ደውለሽ ንገሪኝ። አፉን ደህና አድርገሽ እይው። በእውነት ሰው ይውጣል ወይ እያልኩ ዕድሜ ልኬን ሳስብ ነው የኖርኩት» አለኝ።

«እሺ አባባ፣ አይቼ እነግርሃለሁ» አልኩት። የመጨረሻ ንግግራችን ይኸው ነው።

ከዴንቨር ተነስተን አርጀንቲና ገባን፤ ከዚያ በደቡብ ጫፏ ካለች ትንሽ ከተማ መርከቡ ላይ ወጣን። ክፍሎቻችን ጎን ለጎን ነበሩ። የመጀመሪያው ባሕር ክፉ ነው። መርከቡ እንደ ወንፊት ሲያንጓልለን እኔ ልረዳ የሄድኩት ሴትዮ አልጋ ላይ ተዘርሬ ቀረሁ። እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ ግድግዳ እየተደገፉ ውሃ ያመጡልኝ ጀመር። «ማነው የተቀጠረው?» ይሉኛል እየሳቁ።

ባሕሩ ሲረጋ ያየሁትን በደንብ ልገልጸው አልችልም። ተራራ የሚያህል በረዶ ውሃ ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ ሰማያዊ ነው። ድምፅ የለም። በትንንሽ የጎማ ጀልባ እየወሰዱ የብስ ላይ ያወርዱናል። ከመውረዳችን በፊትም ስንመለስም ቦት ጫማችንን በመድኃኒት ያሳጥቡናል፤ ወደዚያ ምድር ሌላ አገር ያለ ዘርና በሽታ እንዳንወስድ ነው አሉ። ፔንግዊኖቹ በሺህ ተሰብስበው ይጮኻሉ። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ያምራሉ፤ ሽታቸው ግን የዶሮ እርባታ ነው። አንዱ ጫጩቱን ታቅፎ ይቀመጣል፤ ሌላው ባሕር ገብቶ በልቶ እስኪመለስ ከቦታው አይነቃነቅም። ሚስተር ዋልተር ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ይህንን ሲያዩ ይውሉ ነበር። ደስ ሲላቸው አይናገሩም፤ እኔ ግን አውቅባቸው ነበር።

ክፍላችንን የምታጸዳው ሊዛ የምትባል የፊሊፒንስ ሴት ናት። ወቅቱ የገና ጾም ስለነበር ሥጋም ወተትም እንደማልበላ ስነግራት ምክንያቱን እንኳ ሳትጠይቅ ወጥ ቤት ሄዳ ተናገረችልኝ። ወጥ ሠሪዎቹም ያገሯ ልጆች ናቸው። በማግስቱ ምስርና ሩዝ ተሠርቶ ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አልረሱኝም። ሊዛም ሥራ ሲቀልላት እየመጣች በሩ ላይ ቆማ ታዋራኛለች።

በጉዟችን አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሚስተር ዋልተርን ስልክ ይፈልግዎታል ብለው ወደ እንግዳ መቀበያው ጠሯቸው። ልጃቸው ናት ብዬ አሰብኩ። ልከተልዎት ስላቸው አያስፈልግም አሉ።

የደወለው ግን የእኔው ግርማ ነበር። የተነጋገሩትን ኋላ ከሁለቱም አፍ ሰምቼዋለሁ።

አባባ ታመመ ሳይባል ድንገት አርፎ ነበር። ለግርማ ከፍቼ ተደውሎ እንደተነገረው የእድራችን ሽማግሌዎች አውሮራ እኛ ሳሎን ተሰብስበው ተመካከሩ። ተመልሳ ቤቷ እስክትገባ አይነገራት ተባለ። ከዚያ አንዱ «መርከቡ ላይ ኢንተርኔት አለ አይደል? ፌስቡክ ቼክ ካደረገች አለቀልን» አለ። እውነቱን ነው፤ አንድ የሩቅ ዘመድ ፎቶውን ከሻማ ጋር መለጠፉ አይቀርም። ስለዚህ ግርማ ከሚስተር ዋልተር ልጅ የመርከቡን ስልክ ተቀበለና እኔን ሳይሆን እሳቸውን አስጠራ።

«የባለቤቴ አባት አርፈዋል። እባክዎ እንዳይነግሯት» አላቸው።

«ለምን? አባቷ አይደሉም እንዴ?»

«በእኛ ባህል እንዲህ ያለ ነገር ሰው ብቻውን ሆኖ አይሰማም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤቷ ሄዶ ነው የሚነግራት። የሚደግፋት ሰው ያስፈልጋል። እዚያ ማን አላት?»

«ከጠየቀችኝስ?»

«አላውቅም ይበሏት።»

«እሱን አላደርገውም። እኔ አላነሳባትም። ፊት ለፊት ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽም» አሉት። ግርማ ከዚህ በላይ ሊከራከራቸው አልቻለም።

ከስልኩ ሲመለሱ «ተቀመጪ» አሉኝ። ሻይ ቀድተው ሰጡኝ፤ ግማሹ ማስቀመጫው ላይ ፈሷል። ከልጃቸው ጋር ተጣልተው ይሆናል ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባያቸው ተለወጠ። የኢንተርኔት ካርድ ልገዛ ወደ እንግዳ መቀበያው ልሂድ ስል መነጽራቸው ይጠፋል። ስነሳ ካልሲያቸው ይቀየራል። በሩ ጋ ስደርስ «ነይ፣ ነይ፣ ይህን ወፍ እይው» ይላሉ። ብቻዬን ልቀመጥ ብል ከዘራቸውን እየጎተቱ መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ። ስለ አገሬ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ አባቴ ይጠይቁኛል። ድሮ እኮ የሚያወሩኝ ስለ ወፍ ብቻ ነበር። እኔ እርጅናው ባሰባቸው ብዬ በአማርኛ እነጫነጭባቸዋለሁ፤ ፊታቸው ቆሜ። አሁን ሳስበው እሳቸው ቃላቸውንም ሳያጥፉ፣ ሳይዋሹም እኔን ከስልክና ከኢንተርኔት ለማራቅ የሚያውቁት ዘዴ ይኸው ብቻ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዘይት መስሎ ተኝቶ ሳለ ዓሣ ነባሪው ከመርከቡ ጎን ብቅ አለ። መጀመሪያ ትንፋሹ እንደ እንፋሎት ተረጨ፤ የሚሸት ትንፋሽ ነው። ከዚያ ጀርባው ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ። በመጨረሻ ጭራውን ቀጥ አድርጎ አንስቶ ሰመጠ። እኔ አብጃለሁ። እጄን እያወናጨፍኩ «አባባ! አየሁልህ! ኧረ ይውጣል! መኪናህንም ይውጣል!» እያልኩ በአማርኛ እጮኻለሁ፣ እስቃለሁ። አንድ ተጓዥ ያኔ ፎቶ አነሳኝ።

ዞር ስል ሚስተር ዋልተር ዓሣውን አያዩም። ያን ያህል ዓመት የተመኙትን ፍጡር ትተው የሚያዩት እኔን ነው። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ነፋሱ ነው ብዬ መሐረብ ሰጠኋቸው።

አባባ ያኔ ተቀብሮ ሰንብቷል።

የገና ዋዜማ ደረሰ። ሚስተር ዋልተርን መኝታቸው ጋ አድርሼ «ነገ የእኛ ገና ነው። ጠዋት ለአባቴ እደውላለሁ። ዓሣውን ሳይ ልነግረው ቃል ገብቼለታለሁ» አልኳቸው።

የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ቁልቁል ያያሉ። «ሚስተር ዋልተር፣ ምን ሆነዋል? ከቤት የሰሙት ነገር አለ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና «ነገ ጠዋት ጠይቂኝ። የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ እውነቱን እነግርሻለሁ። ዛሬ ግን ተኚ» አሉኝ።

እኔ እኮ ኢትዮጵያዊት ነኝ። ስልክ እንዳትነካ የተደረገች ሴት፣ ነገ ጠይቂኝ የተባለች ሴት ምን እንደሚጠብቃት አውቃለሁ። ያኔውኑ ደግሜ ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅኳቸውም። ስለ ራሳቸው ጤና ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩና ወደ ክፍሌ ሄድኩ። እስኪነጋ ድረስ ቤተሰቤ ሁሉ በሕይወት እንዳለ እንዲቆይልኝ ነው መሰለኝ።

እኔ እንደሄድኩ ሚስተር ዋልተር ለግርማ ደወሉ። «ነገ ትጠይቀኛለች፤ እኔም እነግራታለሁ። ሰው ተሰብስቦ ነው ብለኸኛል። ማን ማን ያስፈልጋል? ምን ይደረጋል? ምንስ አይደረግም?» አሉት።

ግርማ ስልኩ ላይ አለቀሰ። «እዚያ እኮ አንድ ዘመድ የላትም» አላቸው።

«ሰው ግን አለ» አሉት።

ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቁት፣ እሱም አንድ በአንድ ነገራቸው። በማለዳ መሆን እንዳለበት፣ ሴት ከኋላዋ ቆማ እንድትይዛት፣ ስትጮኽ ዝም በይ እንዳይሏት፣ ራሷን እንዳትጎዳ እንዲጠብቋት፣ እስከ ሦስተኛው ቀን ብቻዋን እንዳትተው። ስልኩን ዘግተው ከዘራቸውን ይዘው መርከቡን ዞሩት።

በዚያ ወቅት እዚያ አገር አይጨልምም፤ ጎህ ሲቀድ አይታወቅም። በሬ ሲንኳኳ ሰዓቱ ገና ማለዳ ነበር። ሊዛ ናት። «ሚስተር ዋልተር ይፈልጉሻል» አለችኝ። ወድቀው መስሎኝ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ።

በራቸውን ስከፍት ክፍሉ ሰው ሞልቶታል። ሚስተር ዋልተር መሐል ላይ ቆመዋል። የመርከቡ ካፒቴን ለሚጋብዘው እራት ብለው ያመጡትን ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፤ ማንም ሳይረዳቸው ራሳቸው ነው የለበሱት፤ ቁልፎቹ ተዛንፈው ተቆልፈዋል። ከኋላቸው ምስር የሚሠሩልኝ ወጥ ሠሪዎች ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። የመርከቡ ሐኪም አለ። ከጀልባ ስወርድ ክንዴን የምትይዘኝ አስጎብኚ አለች። ገበታ የምንጋራቸው ሽማግሌ ባልና ሚስት ጥቁር ሹራብ ለብሰው ጥግ ይዘዋል። ሁሉም ዝም ብለዋል።

በማለዳ በር ሲከፈት ሰው ተሰብስቦ ዝም ብሎ ከቆመ ለእኛ ሰው ሌላ ቃል አያስፈልገውም።

«ማነው?» አልኩ በአማርኛ። «ንገሩኝ! ማነው? ማነው?»

አማርኛ የሚያውቅ የለም። ግን ግርማ «መጀመሪያ ማነው ብላ ነው የምትጠይቀው» ብሎ ነግሯቸው ነበር። ሚስተር ዋልተር ከዘራቸውን ለቀው ወደ እኔ መጡ። ሁለቱን እጆቼን በሚንቀጠቀጡት እጆቻቸው ያዙና፣

«አባባ» አሉኝ።

እሷን ቃል ግርማ ነው ያስተማራቸው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። ጮኽኩ። ሻሼን ወረወርኩ፣ ደረቴን ደቃሁ። «የአሰብ መንገድ ጌታው! ዓሣውን ሳልነግርህ! ሳልነግርህ!» እያልኩ ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ሊዛ ከኋላዬ ታቅፋኛለች። ሐኪሙ ጠጋ ሲል ሚስተር ዋልተር «ተዋት፣ ታልቅስ» አሉት። አንድም ሰው ዝም በይ አላለኝም። ሊዛ ከእኔ እኩል ድምፅ አውጥታ ታለቅስ ነበር፤ እናቷ ሲሞቱ ባሕር ላይ ስለነበረች አልቀበረቻቸውም። ወጥ ሠሪዎቹም ያለቅሳሉ። ለአባቴ ይሁን አገራቸው ትተው ለመጡት ሰው እኔ አላውቅም። ያ ጠባብ ክፍል ለቅሶ ቤት ሆነ። ፍቼ እንኳ ብሆን ከዚህ የበለጠ አላለቅስም ነበር።

ልቅሶው ትንሽ በረድ እንዳለ በድምፅ ማጉያው የጀልባ ጥሪ መጣ። የዚያን ቀን የምንወርድባት ደሴት የጉዞው የመጨረሻ መውረጃ ነበረች። ሚስተር ዋልተር ከሌሎቹ መርከቦች ሁሉ ይህንን የመረጡት በዚያች ደሴት ስለሚያልፍ ነው፤ በዚያ ባሕር ካሉት የፔንግዊን መንደሮች ትልቁ እዚያ ነው። እሳቸውና ማርጋሬት ስለ ደሴቲቱ ያላነበቡት መጽሐፍ የለም።

«ይሂዱ። ሊዛ ከእኔ ጋር ትሆናለች» አልኳቸው።

«ሊዛ ሥራ አላት። እኔ ሥራ የለኝም» አሉኝ። ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

በመስኮቱ ጀልባዎቹ ሲሄዱ ይታየኝ ነበር። የፔንግዊኖቹ ጩኸት እስከ ክፍሉ ይሰማል። እሳቸው ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ነው የተቀመጡት። አንዴም ዞር አላሉም።

በመልስ ጉዞ እስከ ሦስተኛው ቀን አልተለዩኝም። መርከቡ ሲናወጥ ወንበራቸውን ከአልጋዬ እግር ጋር በቀበቷቸው አሰሩት። አላወሩኝም፣ አላጽናኑኝም፣ ዝም ብለው ነበሩ። ወጥ ሠሪዎቹ ተራ እየገቡ ይመጡና ጥቂት ቆመው ይሄዳሉ። እህል አልወርድ ሲለኝ ሚስተር ዋልተር ማንኪያ አነሱ። እሳቸውን ላበላ የተቀጠርኩ ሰው፣ እሳቸው ሾርባ ሲያጎርሱኝ ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ግማሽ ግን ዋጥኩላቸው።

ዴንቨር ስንደርስ ግርማና ሔርሜላ ከእድሩ ሰዎች ጋር ኤርፖርት ቆመው ጠበቁኝ። ሔርሜላ «አይም ሶ ሶሪ፣ ማሚ» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አውሮራ ቤታችን ስንገባ ለቅሶው እንደ አዲስ ሆነ። አንዳንድ ሴቶች «እንዴት ፈረንጅ መርዶ ይነግራታል?» ብለው ግርማን ወቀሱት። እኔም ተቆጥቼው ነበር፤ በሌላ ምክንያት ግን። አባቴ አፈር ገብቶ እያለ ዓሣ አየሁ ብዬ ስጨፍር፣ ስስቅ፣ እሱ ያውቅ ነበር። ለተወሰነ ጊዜ ፊቱን ማየት አቃተኝ። እሱም «እዚያ ብቻሽን መውደቅ ፈልገሽ ነው?» ይለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስተር ዋልተር በታክሲ ከሊትልተን መጡ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው መሐላቸው አስቀመጧቸው። ንፍሮ ሲሰጧቸው ምንድነው ሳይሉ ያንን እጃቸውን እንደ ጽዋ አድርገው ተቀበሉ። እስከ ከሰዓት ተቀምጠው ሄዱ።

ሥራ ስመለስ አንድ ቀን ሸሚዛቸውን እየቆለፍኩ «ደሴቲቱ አትቆጭዎትም?» አልኳቸው።

«ማርጋሬት የሞተች ቀን ከሆስፒታል ደወሉልኝ። ሰሐን እያጠብኩ ነበር» አሉኝ። «ስልኩን አስቀመጥኩና ሰሐኑን አጥቤ ጨረስኩ። አደረቅኩት። ከዚያ የቀሩትን አጠብኩ። የምነግረው ሰው አልነበረም፤ ልጄ አውሮፕላን ላይ ናት፣ ወደ እኛ እየመጣች። ከሰዓት በኋላ ፖስተኛው መጣ። ለእሱ ነገርኩት።»

«ለቅሶ የመጣ ሰውስ?» አልኳቸው።

«ካርድ የላኩ ነበሩ። ደግ ሰዎች ናቸው።» ከዚያ ትንሽ ፈገግ አሉ። «ባልሽ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ብቻውን ሆኖ አይሰማም ሲለኝ፣ ይህንን አስቀድመው ያሰቡበት ሰዎች አሉ ማለት ነው ብዬ ገረመኝ።»

ቤቴ ገብቼ ለግርማ ነገርኩት። ከተኳረፍን ወዲህ እንደ ባልና ሚስት ያወራነው ያኔ ነው። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ዓመት ቢያልፍም ሄዶ ይደርሳል። ግርማ ለእድሩ ሰዎች ደወለ። ሰበብ ያቀረበ የለም፤ እንዲያውም መርዶውን ፈረንጅ ነገራት ብለው ሲወቅሱ የነበሩት ሴቶች ናቸው ቀድመው እንሄዳለን ያሉት።

በሳምንቱ በማለዳ ሊትልተን ሄድን። ነጠላችንን አዘቅዝቀናል፤ ወንዶቹ ጥቁር ኮት ለብሰዋል። እኔ ቁልፍ አለኝ፤ ግን አልከፈትኩም፣ አንኳኳሁ።

ሚስተር ዋልተር በፒጃማ ወጡ። በረንዳው ላይ ዝም ብለን የቆምነውን ሰዎች አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። የበሩን እጀታ ይዘው፣

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማርጋሬት» አልኳቸው።

መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። ከዚያ የበሩን እጀታ ለቀቁት። ግርማ ገብቶ ደገፋቸው፣ ሶፋው ላይ አስቀመጣቸው። እኛም በዙሪያቸው ተቀመጥን። ማርጋሬትን ከመሐላችን አንድም ሰው አያውቃቸውም። ሚስተር ዋልተር ግን ያን ጠዋት እንደ ልጅ ተንሰቅስቀው አለቀሱ፤ እኛም ዝም ይበሉ አላልናቸውም።

ግርማ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም፣ ዛሬም አልወሰንኩም። ሔርሜላ «ለእኔ ወዲያው ነው መናገር፣ ፕሊዝ» ትለኛለች፤ እሷም እውነት አላት። እየሳቅሁ የተነሳሁት ያ ፎቶ በኢሜይል ተልኮልኛል፤ ከፍቼ አላየሁትም። ክፉ ነገር ለሰው በስልክ መንገር ካለብኝ መጀመሪያ «አጠገብሽ ማን አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አባባን አልቅሼ አልጠገብኩትም፣ አልጠግበውምም። ብቻዬን ግን አላለቀስኩም።